መንጋጋ ዙሪያ ድዳችሁ መድማቱን አልተው ሲል፦ የጥርሱን ሥር ቅርጽ ተከትሎ የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ጥርሳችሁን በቀን ሁለቴ ትቦርሻላችሁ። ክሊኒክ ሄዳችሁም ታጥባችኋል። የፊት ጥርሶቻችሁ ደህና ናቸው። መንጋጋ አካባቢ ግን ድዱ አሁንም ይደማል፣ ያብጣል፣ ጠዋት ስትነሱ አፋችሁ ይሸታል። «በደንብ እቦርሻለሁ እኮ!» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ችግሩ የጉልበት ማነስ ሳይሆን የቅርጽ ጉዳይ ነው።

የፊት ጥርስ ሥሩ አንድ ነው። መንጋጋ ግን ድዱ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለት ወይም ሦስት ሥር ይሆናል። ሥሩ የሚከፈልበትን ቦታ ከዚህ በኋላ መገንጠያ እለዋለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ ፈርኬሽን ሲሉ ብትሰሙ እሱኑ ነው። ድዱ ታሞ አጥንቱ ዝቅ ሲል መገንጠያው ይከፈታል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ባክቴሪያ ይገባበታል፤ የተለመደው ብሩሽ አይገባበትም። ሐኪሙ የሚፍቅበት ብረት እንኳ አንዳንዴ ጫፉ ከመግቢያው ይሰፋል። ስለዚህ ጠንክሮ መፈተግ ድዱን ከመላጥ በቀር አይፈይድም።

መጀመሪያ ይህን አጣሩ

ከታች ካሉት አንዱ ካለባችሁ ቤት ውስጥ ማጽዳቱን ከመሞከር በፊት እዚያው የተጻፈውን አድርጉ።

• ጉንጭ ወይም ከአገጭ ሥር አብጦ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፦ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ላላችሁ ነው፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ሰዎች እስኪነጋ ብላችሁ አትጠብቁ።
• መንጋጋው በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ ወይም ከድዱ ጠርዝ መግል ከወጣ፦ በዚሁ ሳምንት የጥርስ ክሊኒክ።
• የስኳር ሕመም ካለባችሁ ስኳራችሁን ተለኩ። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይብሳል፤ ድድ ሲታመም ደግሞ ስኳሩን ማስተካከል ይከብዳል።
• ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወይም የልብ ቫልቭ ችግር ያለባችሁ፦ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ጥርስ ከመታጠባችሁ በፊት ግን ለሐኪሙ ተናገሩ።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ድድ ይበልጥ ይደማል። ይህ መቦረሽ የሚያስቆም አይደለም። እጥበት ካስፈለገም ከ4ኛ እስከ 6ኛ ወር ያለው ጊዜ ይመቻል።

ደረጃ 1፦ የመንጋጋችሁን ካርታ ያዙ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። የት እንደሚያጸዳ ሳያውቅ ያጸዳል። ትንሽ መስታወት፣ የስልክ መብራት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እጃችሁን ታጠቡ።

1. ቁጠሩ። ከፊት መሃል ካለው ጥርስ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የተነቀለ ከሌለ 6ኛው የመጀመሪያው መንጋጋ ነው። 7ኛው ሁለተኛው ነው። 8ኛው መጨረሻ የሚበቅለው ሲሆን አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም። 6ኛውን በደንብ እዩት፤ 6 ዓመት ገደማ ላይ ስለሚበቅል ከሌሎቹ መንጋጋዎች ይልቅ ብዙ ዘመን አገልግሏል።

2. የታቹን ለዩ። የታች መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ። ስለዚህ መገንጠያው ሁለት በር አለው፦ አንድ በጉንጭ በኩል፣ አንድ በምላስ በኩል። ሁለቱም ከጥርሱ ወርድ መሃል ላይ ናቸው። በ6ኛው ጥርስ ላይ የጉንጩ በር ከጥርሱ አንገት፣ ማለትም የላይኛው የጥርስ ክፍል ከሥሩ ከሚገናኝበት፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የምላሱ በኩል ትንሽ ይርቃል።

3. የላዩን ለዩ። እዚህ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የላይ መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው፦ ሁለት በጉንጭ በኩል፣ አንድ ትልቅ በላንቃ በኩል። በሩ ሦስት ነው። አንዱ በጉንጭ በኩል መሃል ላይ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ሁለቱ ግን የተደበቁት በጥርስና በጥርስ መካከል ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ጥርሱ፣ ሌላው ወደ ኋላ ጥርሱ ዞሯል። የፊተኛው ደግሞ ወደ ላንቃ ጠጋ ያለ ነው። ከጉንጭ በኩል ቢሞከር አይገኝም። በድድ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነቀሉት የላይ መንጋጋዎች መሆናቸው አይግረማችሁ።

4. ከመንጋጋ በፊት ያለችውን አትርሱ። ከላይ 4ኛዋ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥር አላት። ወደ ክራንቻ በሚያየው ጎኗ ላይ ደግሞ ሰርጎድ ያለ ቦይ አለ። የጥርስ ክር ተወጥሮ ሲያልፍ የቦዩን ዳርና ዳር ይነካል፤ ውስጡን አይነካም። እዚህ ቦታ ላይ ክር ብቻ የሚጠቀም ሰው ያጸዳ ይመስለዋል።

5. ምልክት አድርጉ። በየመንጋጋው ዙሪያ የድዱን ቀለምና ቅርጽ እዩ። ደማቅ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ያበጠ፣ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ከጥርሱ ወርድ መሃል ላይ ድዱ ሸሽቶ ጎድጎድ ያለ ነገር ከታየ እሱ የመገንጠያው በር ሊሆን ይችላል። በምላሳችሁም ዳስሱ።

ተጠንቀቁ፦ በመርፌ፣ በስፒል፣ በፀጉር ሽቦ ጥልቀቱን ለመለካት አትሞክሩ። መለካት የሐኪም ሥራ ነው።

ስለ ርቀቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ክሊኒክ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። ከጥርሱ አንገት እስከ መገንጠያው ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። አጭር ከሆነ በሩ ቶሎ ይከፈታል፤ ግን ቅርብ ስለሆነ ማጽዳት ይቻላል። ረጅም ከሆነ ለብዙ ዓመት ምንም አይታይም። የተከፈተ ዕለት ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት አብዛኛው ሄዷል። «ምንም አላመመኝም እኮ፣ ድንገት ነቃነቀኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መንጋጋ ያላቸው ናቸው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

• ለስላሳ ብሩሽ። ጭንቅላቱ ትንሽ ይሁን። ጠንካራውን አትግዙ፣ ሻጩ «ይሄ ነው የሚያጸዳው» ቢላችሁም።
• የጥርስ መሃል ብሩሽ። ቀጭን ሽቦ ላይ ዙሪያውን ፀጉር የተተከለባት ናት። ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ብቻ መግዛት ብትችሉ እሷን ግዙ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ፋርማሲዎችን ጠይቁ፤ ካጣችሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ላኩ። ሁለት መጠን ያዙ፣ ቀጭንና መካከለኛ። ትክክለኛው መጠን ጠበብ ብሎ ግን ሳይገፋ የሚገባው ነው።
• ባለ አንድ ቁንጮ ብሩሽ። ጫፏ ላይ አንድ ትንሽ የፀጉር ቁንጮ ብቻ ያላት ናት። ገበያ ላይ ካጣችሁት ሥሩት፦ የልጆች ለስላሳ ብሩሽ ግዙ። ጫፉ ላይ ያሉትን ጥቂት ቁንጮዎች አስቀሩ፤ የቀረውን ፀጉር በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ አንሱት። የቀሩትን ቁንጮዎች ጫፍ አትንኩ፣ ከተቆረጠ ይሾልና ድድ ይወጋል።
• የጥርስ ክር፣ ጥርሶቻችሁ ገጥመው ብሩሽ ለማያስገቡበት ቦታ።
• ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና። ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም የሚል ይሁን። ድድ የሸሸበት ሥር ከላይኛው የጥርስ ክፍል ይልቅ በቀላሉ ይቦረቦራል።
• ትንሽ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ)፣ መጨረሻ ላለው መንጋጋ።

ውሃ በጠፋበት ቀን አትጨነቁ። ሁሉም ነገር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ያልቃል።

መፋቂያን በተመለከተ፦ የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። የፊት ጥርስና የጉንጩን በኩል በደንብ ያጸዳል። ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት፣ በየቀኑ ያገለገለውን ቆርጣችሁ ጣሉት። የታች መንጋጋ ምላስ በኩልና የላዩ ጥርስ መሃል ላይ ግን እንጨቱ አይታጠፍም። ቀን ቀን በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽ ብታደርጉት ይሻላል። ስቲኪኒም ለመገንጠያ አይሆንም፤ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ የማታው ጽዳት በቅደም ተከተል

ሰዓቱ ከመኝታ በፊት ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ጠዋት ገብታችሁ የምትተኙ ከሆነ ጠዋት አድርጉት። ዋናው ከጽዳቱ በኋላ ምንም አለመብላት ነው። በረመዳን ዋናውን ጽዳት ከሱሁር በኋላ አድርጉ፤ ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ በተለመደው ብሩሽ ድገሙ።

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ሰው ሁሉ ከፊት ጥርስ ይጀምርና መንጋጋው ጋ ሲደርስ ይሰለቻል። እኛ ከኋላ እንጀምራለን።

1. በአንድ ጉንጭ ውሃ ተጉመጥመጡ። የምግብ ፍርፋሪ ይውጣ።

2. የታች ጥርስ መሃል። መሃል ብሩሿን ከጉንጭ በኩል በ5ኛውና በ6ኛው መካከል፣ ከዚያ በ6ኛውና በ7ኛው መካከል አስገቡ። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ሦስት አራት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሳቧት። አንዴ የፊተኛውን ጥርስ አስደግፉ፣ አንዴ የኋለኛውን። በየቦታው ከጨረሳችሁ በኋላ አለቅልቋት።

3. የላይ ጥርስ መሃል፣ ከላንቃ በኩል። ብሩሿን ትንሽ ጎበጥ አድርጉ። አፋችሁን ከፍታችሁ ከላንቃ በኩል በ5ኛውና በ6ኛው መካከል አስገቡና ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ 6ኛው ጥርስ ግድግዳ፣ ጫን አድርጉ። የተደበቀው የፊተኛው በር እዚያ ነው። ቀጥሎ በ6ኛውና በ7ኛው መካከል ግቡ፤ አሁን ወደ ፊት ጫን አድርጉ። ይህኛው በር መሃል ላይ ስለሆነ ከጉንጭ በኩልም ይደረስበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር እጅ ግራ ይገባዋል። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

4. የታች መንጋጋ፣ ምላስ በኩል። ባለ አንድ ቁንጮዋን ብሩሽ ያዙ። ምላሳችሁን ወደ ሌላው ጎን ግፉ። የብሩሿን ጫፍ ከጥርሱ ወርድ መሃል፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ አሳርፉ። ወደ ድዱ ዘንበል አድርጋችሁ እስከ 10 እየቆጠራችሁ ትንንሽ ክብ ሥሩ። አትጫኑ፤ ፀጉሩ ከተንጨፈረረ በዝቷል።

5. የታች መንጋጋ፣ ጉንጭ በኩል። ያንኑ ድገሙ። እዚህ ድዱ ሸሽቶ ቀዳዳው የሚታያችሁ ከሆነ ቀጭኗን መሃል ብሩሽ አግድም ወደ ቀዳዳው በቀስታ አስገቡ። ገብታ በምላስ በኩል ብቅ ካለች አትደንግጡ፤ መገንጠያው አልፎ ተከፍቷል ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ በየቀኑ ማሳለፍ ግዴታ ነው። ክሊኒክ ስትሄዱም ይህን ንገሯቸው።

6. የላይ መንጋጋ፣ ጉንጭ በኩል። አፋችሁን በሰፊው አትክፈቱ፤ የመንገጭላ አጥንት ወደ ፊት መጥቶ ቦታውን ይዘጋዋል። አፋችሁን ግማሽ ዝጉና አገጫችሁን ወደምታጸዱበት ጎን አዙሩት። ቦታ ይከፈታል። ከዚያ ባለ ቁንጮዋን ብሩሽ እንደ ታቹ ተጠቀሙ።

7. የመጨረሻው ጥርስ ጀርባ። ጎዟን እንደ ጥብጣብ አጥፋችሁ በጥርሱ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ሳቧት። ወይም ባለ ቁንጮዋን ብሩሽ ዞር አድርጋችሁ አስገቡ።

8. አሁን የተለመደው ብሩሽ በሳሙና። ፀጉሩን ወደ ድዱ በ45 ዲግሪ አዘንብሉ፣ ባለበት አርገብግቡት። 2 ደቂቃ።

9. ትፉ። በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይደር።

ጠዋት ሁሉንም መድገም አያስፈልግም። ተራ ቁጥር 8 እና 9 ይበቃል።

ፈንዲሻና ቆሎ። ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። የፈንዲሻ ስስ ልጣጭ ድድና ጥርስ መሃል ሾልኮ መገንጠያ ውስጥ ሲገባ ምላስ አያወጣውም። ቆይቶ መግል ይዞ ሊነሳ ይችላል። መገንጠያው የተከፈተባችሁ ሰዎች ቡና ላይ ፈንዲሻ ከበላችሁ የዚያን ዕለት ማታ ተራ ቁጥር 2ን እና 3ን አትዝለሉ።

ጫት የምትቅሙ ደግሞ ጉንጫችሁ ላይ የምታጭቁበትን ጎን ካርታው ላይ አስምሩበት። ቅጠሉ ለሰዓታት የሚቀመጠው ልክ የመንጋጋው በር ላይ ነው። ስኳር ያለው መጠጥ ሲጨመርበት ይብሳል። ተፍታችሁ ስትጨርሱ በውሃ አጥባችሁ አውጡት፣ ማታ በዚያ ጎን ጊዜ ውሰዱ።

ደረጃ 4፦ በ2 ሳምንት ውስጥ ውጤቱን አንብቡ

መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ይደማል። አታቁሙ። ድዱ ላይ ላዩን ብቻ የታመመ ከሆነ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ መድማቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ካርታችሁን አውጡና የቀነሰበትን ቦታ ሰርዙ።

ያው ቦታ፣ ያው ጥርስ አሁንም ከደማ ከድዱ ሥር ታርታር (ጥርስ ላይ የደነደነ ቆሻሻ) አለ ማለት ነው፤ ወይም መገንጠያው ተከፍቷል። ታርታር አንዴ ከጠነከረ በብሩሽ አይነሳም። ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ሲጋራ የምታጨሱ ሰዎች በዚህ ፈተና አትታመኑ። ሲጋራ የድድን መድማት ይደብቃል። «አይደማብኝም» ብላችሁ ክሊኒክ አትቅሩ።

ደረጃ 5፦ ክሊኒክ ሄዳችሁ ምን እንደምትጠይቁ

«ጥርስ ልታጠብ ነው» ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ ከድዱ በላይ ያለውን አጥበው ሊሸኟችሁ ይችላሉ። ጥርሱ ይነጣል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከወር በኋላ ያው ነው። ካርታችሁን ይዛችሁ ሂዱና እነዚህን ጠይቁ።

1. «ዶክተር፣ የድድ ኪሴን በየመንጋጋው ዙሪያ ይለኩልኝ።» የድድ ኪስ ማለት በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ በአንድ ጥርስ ስድስት ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ከ4 ጀምሮ ችግር አለ። 6 እና ከዚያ በላይ ጥልቅ ነው። ቁጥሩን አስጽፋችሁ ያዙ።

2. «መገንጠያውን በጠማማው መለኪያ ይዩልኝ።» ቀጥ ያለው መለኪያ መገንጠያ ውስጥ አይታጠፍም። ለዚህ የተሠራ ጎባጣ መሣሪያ አለ፣ ናበርስ ፕሮብ ይሉታል። ውጤቱ በሦስት ደረጃ ይነገራል፦ መሣሪያው ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከገባ 1ኛ፤ ከዚያ በላይ ገብቶ ካላለፈ 2ኛ፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ካለፈ 3ኛ።

3. «ራጅ ላይ በሥሮቹ መሃል ምን ይታያል?» የታች መንጋጋ ላይ አጥንት የጠፋበት ቦታ በሥሮቹ መሃል ጠቆር ብሎ ይታያል። የላዩ ላይ ግን የላንቃው ሥር ይጋርደዋል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ስለተባለ ብቻ የላይ መንጋጋ ነፃ ነው አትበሉ። ተራ ቁጥር 2 ግድ ነው።

4. «የጥርሱ ነርቭ ሕያው ነው?» ይህ ጥያቄ ጥርስ ሊያድን ይችላል። የሞተ ነርቭ ቁስል አንዳንዴ በመገንጠያው በኩል ይወጣና የድድ በሽታ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ሩት ካናል (የሥሩን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ነው እንጂ እጥበት አይደለም። በቅዝቃዜ ይፈትኑታል።

5. ሌላው አፍ ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ መንጋጋ ብቻ ከታመመ፦ «ኢናሜሉ ወደ መገንጠያው ወርዶ ይሆን?» በሉ። ኢናሜል የጥርሱ ጠንካራ ነጭ ልባስ ነው። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ የታች 7ኛ ጥርስ ጉንጭ በኩል፣ ኢናሜሉ ወደ ታች ሹል ሆኖ ይወርዳል። ድድ በኢናሜል ላይ ሥር አይሰድም፤ ክፍተት ይቀራል። የጥርስ ስንጥቅም እንዲሁ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ኪስ ይሠራል።

ከዚያ ሕክምናው እንደ ደረጃው ነው። 1ኛ ከሆነ ከድድ ሥር ጥሩ እጥበትና የማታው ጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። 2ኛ ላይ ድዱን ከፍቶ ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሳይከፈት ሲታጠብ መገንጠያ ውስጥ ታርታር መቅረቱ የተለመደ ነው። 3ኛ ላይ ምርጫው ወይ ብሩሽ እንዲያልፍበት በሩን ማስፋት፣ ወይ የታመመውን ሥር ብቻ ማንሳት፣ ወይ መንቀል ነው። ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። ቁጥሮቹንና ራጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ከዜሮ እንዳትጀምሩ።

ተጠንቀቁ፦ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ወይም ፍላጂል ገዝቶ መዋጥ ይህን አያድንም። ታርታሩ እስካለ ድረስ ባክቴሪያው ተጣብቆ ይኖራል። እብጠቱ ለጊዜው ይሸሻል፣ አጥንቱ ግን በዝምታ ይበላል። ፍላጂል ላይ አልኮል መጠጣት ደግሞ ራሱን የቻለ መዘዝ ነው። ድድ ላይ አስፕሪን፣ አረቄ፣ ጋዝ ወይም የባትሪ ውሃ ማድረግ ያቃጥላል፤ በፍጹም አታድርጉ።

ደረጃ 6፦ ከእጥበቱ በኋላ

ማደንዘዣው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ ድረስ ምንም አታኝኩ። ደሴ ታክማችሁ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ ታክሲ ውስጥ ቆሎ ብትቆረጥሙ ጉንጫችሁን ነው የምትቆረጥሙት።

በመጀመሪያው ሳምንት፦

• ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በቀን ሦስቴ ተጉመጥመጡ።
• ክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) ከታዘዘላችሁ ከ2 ሳምንት አታሳልፉ። ጥርስ ያጠቁራል፤ ሻይና ቡና ሲጨመርበት ይብሳል። በሳሙና ከቦረሻችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ተጠቀሙት።
• የማታውን ጽዳት በማግስቱ ቀጥሉ፣ በቀስታ። ድዱ ከተከፈተ ብቻ ሐኪሙ የሚላችሁን ጠብቁ።

ቀዝቃዛ ነገር ለቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ይጠዘጥዛል። ይህ ይጠበቃል።

ደረጃ 7፦ ቀጠሮ

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ ኪሱን አስለኩ። የመጀመሪያው ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይነጻጸር። መገንጠያቸው የተከፈተ ሰዎች ከዚያ በኋላ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይታጠባሉ። በዓመት አንዴ ለነዚህ አይበቃም። ቀጠሮውን ከምታስታውሱት ነገር ጋር እሰሩት፤ የቤት ኪራይ የምትከፍሉበት ቀን ይሁን፣ የእናንተ ጉዳይ ነው።

ነገር ሲበላሽ

«መሃል ብሩሿ አልገባ አለች።» አትግፏት። ቀጭኗን ሞክሩ። እሷም ካልገባች ክር ተጠቀሙ፣ በየጥርሱ ግድግዳ ላይ ጠምዝዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች። ቀደም ሲል ትገባ የነበረች አሁን እንቢ ካለች ግን ድዱ አብጧል ወይም ታርታር ዘግቷል፤ አሳዩት።

«ሽቦው ተጣመመ።» ከጎን እየጫናችሁ ነው። በጣታችሁ አስተካክሉና ቀጥ አድርጋችሁ ግቡ። ሁለተኛ ከታጠፈ ጣሉት፤ ተሰብሮ ይቀራል። ፀጉሩ የሳሳውንም ጣሉ።

«ከእጥበት በኋላ ጥርሴ ተራራቀ፣ ነቃነቀ።» እጥበቱ አላነቃነቀውም። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ክፍተቱ ተገለጠ። ጥርሶቹን እንደ ድንጋይ አጣብቆ የያዛቸው ታርታር ሲነሳ ደግሞ የነበረው መነቃነቅ ታወቀ። ድዱ ሲጠግግ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጠብቃል። በአንድ ወር ውስጥ ከባሰ ተመለሱ። ክፍተቱ ጥሩ ጎን አለው፦ አሁን መሃል ብሩሿ ትገባለች።

«ድንገት ድዱ ላይ ፍሬ አበጠች።» አትውጉት፣ አታፍርጡት። የገባ ልጣጭ ካለ ብላችሁ የጥርሱን ዙሪያ በመሃል ብሩሽና በጨው ውሃ አንዴ አጽዱ፤ ከዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ክሊኒክ። ብታፈርጡትና ሕመሙ ቢጠፋም የመገንጠያው ኪስ አልጠፋም።

«ቤተሰብ ይነቀል ይላል።» ብዙ ሰው ሕመሙ እንዲያልቅ ብሎ የሚድን መንጋጋ ያስነቅላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ከመስማማታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደረጃው ስንተኛ ነው? ምን ያህል አጥንት ቀርቷል? ነርቩ ተፈትኗል? መልሱ 3ኛ፣ በጣም ትንሽ አጥንት፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ከሆነ አስነቅሉት፤ እያመረቀዘ ከተቀመጠ የጎረቤቱን አጥንት ይዞ ይሄዳል። ከተነቀለ በኋላ የጎረቤቱ ጥርስ ባዶ ወደሆነው ቦታ ያየው ጎኑ ይገለጣል። ቁስሉ ሲጠግግ ያንን ጎን ማታ ማታ በባለ አንድ ቁንጮዋ ብሩሽ አጽዱ፤ መንጋጋ ከሆነ የእሱም በር ወደዚያ ዞሮ ሊሆን ይችላል።